የፊት አሞርዛተሩ ይንኳኳል፣ ተጨምቆም ቶሎ አይመለስም፦ ልጠግነው ወይስ ልቀይረው?

ጣና_ፔዳል
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 27.5 ጎማ ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል አለኝ። የምነዳው በአብዛኛው ባህር ዳር ውስጥ አስፋልት ላይ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከከተማ ውጪ ኮረኮንች ላይ ነው። የፊት ፎርኩ (አሞርዛተሩ ያለበት የጎማው መያዣ) ርካሽ የሚባለው ዓይነት ነው። ስቲከሩ ተልጦ ስሙ አይነበብም። በግራ እግሩ አናት ላይ የሞላ ማስተካከያ፣ በቀኙ አናት ላይ መቆለፊያ (ፎርኩ እንዳይጨመቅ የሚያደርግ) አለው። የሚያብረቀርቀው የውስጥ ቱቦ 28 ሚሊሜትር ነው፤ በማግኔት ሞክሬው ይይዛል። ፍሬኑ ዲስክ ነው።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው። የፊት ፍሬን ስይዝ "ቋ" ይላል። ስጫነው ይወርድና መሪውን ወደ ላይ ካልሳብኩት መሐል ላይ ይቀራል። መቆለፊያው ይዞራል እንጂ አይቆልፍም፣ በቀኙ እግር ግርጌም ዘይት ይታያል። ቱቦው ላይ የዝገት ነጠብጣብ አለ። አንዱ መካኒክ "ቅባት ነው ያጣው" ሲል ሌላው "አውጥተህ ጣለው" ይላል። መፍታቱ ያዋጣል? ካላዋጣስ፣ ሌላ ስገዛ ምን ምን መለካት አለብኝ?

ሞላና_ግራሶ
አራቱም ከአንድ ምክንያት የመጡ አይመስለኝም፤ ለየብቻ ተመልከታቸው።

ከ"ቋ" እንጀምር፤ ብዙ ፎርክ ያለ ጥፋቱ የሚጣለው በሱ ነውና። የፊት ፍሬኑን ጨብጠህ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዘው። የሌላውን እጅህን ጣት የፎርኩ ትከሻ (ሁለቱ እግሮች ከላይ የሚጋጠሙበት ክፍል) ከፍሬሙ አንገት ጋር በሚገናኝበት ክፍተት ላይ አሳርፍ። እዚያ እንቅስቃሴ ከተሰማህ የላላው የመሪው ኩሽኔታ ነው፣ ፎርኩ አይደለም። የስቴሙን (መሪውን ከፎርኩ ጋር የሚያስረውን) የጎን ብሎኖች አላላ፤ የአናቱን ብሎን ውዝዋዜው እስኪጠፋ ድረስ ብቻ አጥብቅ፣ መሪው ግን ያለ ችግር መዞር አለበት። ከዚያ የጎኖቹን ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር አጥብቃቸው። የጎኑን ሳያላሉ የአናቱን የሚያጠብቁ አሉ። እንደዚያ ሲደረግ ኩሽኔታው ጋ የሚደርስ ጥብቀት የለም፤ ውስጥ ያለው ኮከብ ዳዶ (የአናቱ ብሎን የሚጠብቅበት) ብቻ ወደ ላይ ይሳባል። አጥብቀኸውም ውዝዋዜው ካልጠፋ ወይም መሪው ከጠጠረ ፍታና ኳሶቹን የያዘውን ቀለበት እይ። ተገልብጦ ከተገጠመ ኳሶቹ ሳይሆኑ ቆርቆሮው ነው ጭነቱን የሚሸከመው።

ኩሽኔታው ደህና ከሆነ ጣትህን ወደ አቧራ ጎሚኒው አውርድ፤ ግማሹ ጎሚኒው ላይ፣ ግማሹ ቱቦው ላይ ይረፍ። በጣት ብቻ የሚታወቅ ጥቂት ውዝዋዜ አዲስ ርካሽ ፎርክም ላይ አለ። በዓይን የሚታይ ከሆነ ግን ውስጥ ያለው ቡሽ (ቱቦው የሚንሸራተትበት ቀለበት) አልቋል። የዲስክ ፍሬኑ ሸራዎችም በቤታቸው ውስጥ ሲንሸራተቱ ተመሳሳይ ድምፅ ያሰማሉ። እሱን ለመለየት ፍሬኑን ልቀቅና ጎማውን ከግድግዳ ጋር አስደግፈህ ግፋ፤ ድምፁ ከጠፋ ከሸራው ነበር።

ተጨምቆ መቅረቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የግራሶ ድርቀትና የጭቃ ሥራ ነው። ሞላ በቀላሉ አይሞትም። ስለዚህ መጀመሪያ ፍታው፤ ወጪው ግራሶ ብቻ ነው፣ ብትቀይረውም እንኳ ምን እንዳለቀ አይተህ ትቀይራለህ።

አፈታቱ፦ ጎማውንና የፍሬኑን ካሊፐር አውጣ። የሞላውን ማስተካከያ ወደ መቀነሻው እስከ መጨረሻው አዙር። ሳይክሉን ገልብጠህ የእግሮቹን ግርጌ ስታይ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ብሎን ታገኛለህ። ባብዛኛው ባለ 5 ወይም ባለ 6 ሚሊሜትር አለንኪ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ 10 ቁጥር ዳዶ ስለሆነ ረጅም ቡሽላ ይፈልጋል። አራት አምስት ዙር አላላና አቁም፣ ሙሉ በሙሉ አታውጣው። የብሎኑን ራስ በጎማ መዶሻ መታ መታ አድርገው፤ ውስጥ ያለው ዘንግ ከእግሩ መቀመጫ የሚላቀቀው በዚህ ነው። ከዚያ ብሎኖቹን ጨርሰህ አውጣና የታችኛውን እግር ቀጥ አድርገህ ሳበው። ብሎኑ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ዘንጉ አብሮት እየዞረ ነው። በሞላው በኩል ማስተካከያውን ወደ መጨመሪያው እስከ መጨረሻው ብታዞረው ዘንጉ ተጨንቆ ይቆምልሃል።

ብረቱን በነጭ ጋዝ እጠብ። ጎሚኒውንና ሞላው መሐል ያለውን ላስቲክ ግን ነጭ ጋዝ ውስጥ አትዘፍዝፍ፤ በሳሙና ውኃ በቂ ነው። ላስቲኩ ሲነካ የሚፈረፈር ወይም እንደ ማስቲካ የሚጣበቅ ከሆነ ዕድሜው አልቋል። የታችኛውን እግር ውስጥ በረጅም እንጨት ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ አጽዳ፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋግም። ቡሾቹ በየእግሩ ሁለት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከጎሚኒው ሥር፣ ሌላው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ሁሉም ከደረቀ በኋላ ቱቦውን ያለ ግራሶ አስገብተህ ወዝውዝ። ቅድም በጣትህ የፈለግኸውን መልስ አሁን በግልጽ ታየዋለህ።

ስትገጥም የሲሊኮን ወይም ለሳይክል አሞርዛተር የተሠራ ግራሶ ተጠቀም። በየእግሩ ከ10 እስከ 15 ግራም ይበቃል፤ ቡሾቹን በስሱ ቀባ፣ የጎሚኒውን ከንፈር ውስጥ ግን ሙላው። ሞላውንም ቀባው፣ መንጫጫቱ ይቀንሳል። እግሩን በግራሶ መሙላት ጥሩ መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ አየሩ መጨመቂያ ቦታ ያጣና ፎርኩ ግማሽ ላይ ይደርቃል። የግርጌዎቹን ብሎኖች ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር አጥብቅ። በመጨረሻ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በጎሚኒውና በቱቦው መሐል አስገብተህ ፎርኩን ሁለት ጊዜ ተጫን፣ የታመቀው አየር ይወጣል። ማሰሪያውን ማውጣት አትርሳ።

ፍታውና ያገኘኸውን ጻፍልን።

ቁልቁለት_77
ወንድሜ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርግልሃል? ጎሚኒውን በካቻቢቴ ቀና አድርገህ የሞተር ዘይት ጠብ ጠብ አድርግበት። ደብሊውዲ 40 ቢሆንም ይሠራል። በአምስት ደቂቃ ቅቤ ይሆናል።

ሞላና_ግራሶ
ለአንድ ሳምንት ቅቤ ይሆናል፣ አልክድም። ደብሊውዲ 40 ግን ያለውን ግራሶ አቅልጦ ያወርደዋል፣ እሱ ራሱ ደግሞ ይተናል። የሞተር ዘይትም እንዲህ ባለ ፎርክ ውስጥ የሚይዘው ነገር የለም። ጎሚኒው የአቧራ እንጂ የዘይት መያዣ አይደለም፤ ዘይቱ ወደ ውጭ ወጥቶ አቧራ ይሰበስባል። ዘይትና አቧራ ሲደባለቁ የሚሆነው የብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ቡሹንም ክሮሙንም ይበላል። በካቻቢቴ የተነሣ ጎሚኒ ደግሞ ከንፈሩ ይቀደዳል፤ ክረምት ሲገባ ውኃ የሚያስገባው ያ ነው። ወደ ግርጌ የሚንጠባጠበው ዘይት ዲስኩን ከነካ የፍሬን ሸራም ትገዛለህ።

ቶርኖ_ቤት
ስለ ቡሹ ልጨምር። የርካሽ ፎርክ ቡሽ ፕላስቲክ ነው፤ መለዋወጫው ለብቻው ብዙም አይገኝም። ቶርኖ ቤት ማስጠረብ ይቻላል፤ ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቅ። አንደኛ ናይለን አይሁን። ናይለን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ልክ የነበረው ሐምሌ ላይ ይጨብጥና ፎርኩ አልወርድም ይላል። ዴልሪን የሚባለው ነጭ ወይም ጥቁር ፕላስቲክ ውኃ ብዙም ስለማይጠጣ የተሻለ ነው፣ ነሐስም ይሆናል። ሁለተኛ ልኩ ከራሱ ቱቦ ላይ ይወሰድ፤ "28 ነው" ብለህ በቃል አትዘዝ። የተበላ ቱቦ 27.9 ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ የምትፈልገው ክፍተት ራሱ ነው። በቡሹና በቱቦው መሐል 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ካለ ይበቃል። ሦስተኛ ሁለቱም እግሮች አብረው ይሠሩ። በአንድ በኩል ብቻ ከተቀየረ አንዱ እግር ጠብቆ ሌላው ላልቶ ይቀራል፣ እኩል አይሠሩም።

ቱቦው ራሱ በአንድ ጎን ከተበላ፣ ማለትም በካሊፐር ስትለካው ከፊትና ከጎን የተለያየ ቁጥር ከሰጠህ፣ አዲስ ቡሽ ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለ ዝገቱ፦ ክሮምን በብርጭቆ ወረቀት አትነካካ። ስስ ነው፤ አንዴ ከተነሣ ዝገቱ ይስፋፋል። የአሉሚኒየም ፎይል አጨማደህ በውኃ እያረጠብክ ፈትግ፤ ፎይሉ ከክሮሙ ስለሚለሰልስ ዝገቱን ብቻ ያነሣል። የቀረውን ጉድጓድ በአልኮል አጽድተህ በቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ሙላ። ከደረቀ በኋላ ከቱቦው በላይ የወጣውን የጥፍር ቀለም ብቻ ባለ 2000 ቁጥር ወረቀት እያረጠብክ በቱቦው ዙሪያ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን በአግድም፣ አስተካክል። ትከሻው ሥር ያለ ነጠብጣብ ብዙ አያሳስብ፤ ጎሚኒው እዚያ የሚደርሰው ፎርኩ እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ ብቻ ነው። ከጎሚኒው በላይ ባሉት ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትሮች ላይ ያለ ግን በየጉድጓዱ ጎሚኒውን ይልጠዋል።

ሌላው ብየዳ ነው። ትከሻው ወይም የአክስሉ መያዣ ከተሰነጠቀ፣ ቱቦው ትከሻው ውስጥ እየተንቀሳቀሰ "ጢጥ ጢጥ" የሚል ከሆነ፣ የሚበየድ ነገር የለም። የታችኛው እግር አሉሚኒየም ወይም ማግኒዥየም ከሆነ በተራ ብየዳ አይያያዝም፤ ብረት ቢሆን እንኳ ሙቀቱ ቦታውን ያደክመዋል። የፊት ፎርክ ሲሰበር ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፣ ሰው በፊቱ ነው የሚወርደው።

ማይን_ዳር
የምጽፈው ከጀርመን ነው፤ ስለ መቀየሩ ልበል። እዚህ ያገለገሉ ፎርኮች በብዛት ይሸጣሉ፣ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥም ይገባሉ። ዘመድን ከማስቸገርህ በፊት ግን ልኮቹን በትክክል ላክለት፤ "ለ27.5 የሚሆን" ማለት አይበቃም።

ከሁሉ በፊት የመሪው ቱቦ፣ ማለትም ከፎርኩ ትከሻ ወደ ፍሬሙ አንገት የሚገባው። የፍሬምህ አንገት ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት ከሆነ ቱቦው ቀጥ ያለው ዓይነት ነው፤ ውፍረቱ 28.6 ሚሊሜትር፣ በተለምዶ አንድ ኢንች ከአንድ ስምንተኛ የሚባለው። አንገቱ ወደ ታች የሚሰፋ ከሆነ ከሥሩ 1.5 ኢንች የሆነው ሾጣጣ ዓይነት ነው። ቀጥ ያለውን ፎርክ ሰፊ አንገት ላይ በማጥበቢያ ቀለበት መግጠም ይቻላል፤ ሾጣጣውን ግን ቀጥ ያለ ጠባብ አንገት ውስጥ ማስገባት አይቻልም። አሁን ገበያ ላይ ከሚወጡት ጥሩ ጥሩዎቹ አብዛኞቹ ሾጣጣ ስለሆኑ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስቴሙ ቱቦውን ከውጭ የሚይዝ መሆኑንም እይ፤ መሪው ከላይ በዳዶ የሚታሰር የድሮ ዓይነት ከሆነ ፎርኩ ጥርስ ያለው ነው፣ ነገሩም ሌላ ይሆናል።

ቀጥሎ የመሪው ቱቦ ርዝመት። ያገለገለ ፎርክ ለቀድሞው ሳይክል ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ካንተ በ1 ሴንቲሜትር ቢያጥር ስቴሙ በቂ መያዣ አያገኝም። ረጅም ከሆነ ችግር የለም፤ ስቴሙንና ማስተካከያ ቀለበቶቹን ደርድረህ ከእነሱ አናት 3 ሚሊሜትር ዝቅ አድርገህ በሴጌቶ ትቆርጠዋለህ፣ ጠርዙን በሞረድ ታስተካክላለህ።

ከዚያ ጎማው የሚታሰርበት። ያንተ ዘመን ሳይክል ባለ 9 ሚሊሜትር አክስልና 100 ሚሊሜትር ስፋት ሊሆን ይችላል። አዳዲሶቹ ፎርኮች 15 በ100 ወይም 15 በ110 ናቸው፤ እነሱን ከገዛህ የፊት ሞዞውንም (አክስሉ የሚያልፍበትን የጎማውን መሐል) መቀየር ሊኖርብህ ነው። የፍሬኑን ነገር በአንድ መስመር ልጨርሰው፦ የካሊፐሩ ቀዳዳዎች ወደ ኋላ የሚያዩና 74 ሚሊሜትር የተራራቁ ከሆኑ ፖስት ማውንት ነው፣ ወደ ጎን የሚያዩና 51 የተራራቁ ከሆኑ አይኤስ ነው፤ በማገናኛ ስለሚስማሙ አያስጨንቅህ። ቪ ፍሬን ያለው አንባቢ ካለ ግን ዲስክ ብቻ የሚል ፎርክ አይግዛ፣ የፍሬን መያዣ ጉጦቹ የሉትም።

የመጨረሻው ቁመት ነው፤ ከጎማው አክስል መሐል እስከ ትከሻው ላይ እስካለው የኩሽኔታ ቀለበት። የ27.5፣ 100 ሚሊሜትር የሚጨመቅ ፎርክ 490 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። 20 ሚሊሜትር ቢረዝም የመሪው ማዕዘን በ1 ዲግሪ ገደማ ይተኛል፤ ሳይክሉ በዝግታ ሲሄድ መሪው ይንከራተታል። የፍሬሙ አንገትም ካሰቡለት በላይ ይጫናል። ስለዚህ "120 ስለሆነ ይሻላል" የሚል ሻጭ አያታልልህ።

ባለ ሞላውን በባለ ሞላ ለመተካት የኤስአር ሰንቱር ኤክስሲኤም ዓይነቱ ከያዝከው ወፈር ያለ ቱቦ ያለው ቀጣይ ደረጃ ነው። አንድ ደረጃ ከፍ ካልክ የኤክስሲአር ባለ አየሩ ወይም የሮክሾክስ ጁዲ አለ። የአየሩ ጥቅም በክብደትህ ልክ መሙላት መቻልህ ነው፤ ክብደቱም ከባለ ሞላው በግማሽ ኪሎ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ጉዳቱ የራሱን ትንሽ የከፍተኛ ግፊት ፓምፕ መፈለጉና ጎሚኒዎቹ ሲያረጁ አየር ማምለጡ ነው። በየሁለት ዓመቱ የጎሚኒ ስብስብ የሚልክልህ ሰው ከሌለ ሞላ ይሻልሃል።

ቁልቁለት_77
ደረቅ ፎርክ ማለትም አለ እኮ። አስፋልት ለሚነዳ ሰው ሞላ ምን ያደርጋል?

ማይን_ዳር
እዚህ ላይስ እስማማለሁ። ባለ ሞላው 2.5 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ የብረት ደረቅ ፎርክ ደግሞ ከ1 እስከ 1.3 ኪሎ ነው። ጥገና የሚባል ነገር የለውም። ቁመቱ ግን የአሞርዛተሩን ያህል መሆን የለበትም፤ ሰው ሲቀመጥበት ሞላው 20 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሰምጥ በ490 ፈንታ 470 አካባቢ ፈልግ። ለ26 ተብሎ የተሠራ 410 ምናምን የሚሆን አጭር ደረቅ ፎርክ ከገጠምክ ፔዳሉ መሬት ይመታል፣ መሪውም ፍሬን ስትይዝ ያስፈራል። ኮረኮንቹን 2.2 ኢንች የሆነ ሰፊ ጎማ በዝቅተኛ ነፋስ ይችለዋል።

ጣና_ፔዳል
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፈታሁት። የመሪው ኩሽኔታ ልል ነበር፤ ካጠበቅኩት በኋላ "ቋ" ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ውስጡ ደረቅ ቡናማ ጭቃ ነበር። ቱቦውን ያለ ግራሶ አስገብቼ ስወዘውዘው በግራው ጥቂት፣ በቀኙ በደንብ የሚታይ እንቅስቃሴ አለ። የቀኙ ቱቦ ከፊት 27.8፣ ከጎን 28.0 ነው። ዝገቱ ከጎሚኒው 5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ነው። የፍሬሙ አንገት ቀጥ ያለ፣ የመሪው ቱቦ 28.6 በ190 ሚሊሜትር፣ አክስሉ 9 በ100፣ ካሊፐሩ ፖስት ማውንት፣ ቁመቱ 488። መቆለፊያውስ ምን ይደረግ?

ሞላና_ግራሶ
መቆለፊያው በቀኙ ቱቦ ውስጥ ያለ የታሸገ የዘይት ካርትሪጅ ነው፤ ተፈትቶ ዘይት የሚጨመርለት አይደለም። በሙሉው ይቀየራል፤ የቱቦው ውፍረት፣ የመጨመቂያው መጠንና የዘንጉ ርዝመት ሦስቱም መግጠም አለባቸው። ስሙ ለማይነበብ ፎርክ ያን ማግኘት ከባድ ነው። ካርትሪጁ ባዶ ቢሆንም ፎርኩ ይሠራል፣ አይቆለፍም እንጂ፤ ሲመለስም ትንሽ ይፈነጥራል። የፈሰሰውን ጠርገህ መልሰህ ግጠመው፣ ዘንጉ ከሌለ ቀኙ እግር በብሎን የሚታሰርበት የለውም። ቀጣዩ ፎርክ ላይም ቆልፈህ ኮረኮንች አትግባ፣ ካርትሪጅ የሚፈነዳው እንደዚያ ነው።

የ27.8 እና የ28.0 ልዩነት ግን ነገሩን ቆርጦታል። ቶርኖ_ቤት እንዳለው ቱቦው ሞላላ ሆኗል፣ ቡሽ አታስጠርብ። ዛሬ በግራሶ ግጠመው፤ ስንጥቅ ከሌለው አስፋልት ላይ ቀስ ብለህ እየነዳህ ምትኩን ትጠብቅበታለህ። ቁልቁለት ኮረኮንች ላይ ግን አትውሰደው።

ማይን_ዳር
ለሚልክልህ ሰው ይህን ብቻ ገልብጠህ ላክለት፦ 27.5፣ የሚጨመቀው 100፣ የመሪ ቱቦ ቀጥ ያለ 28.6፣ ርዝመቱ ከ190 የማያንስ፣ አክስል 9 በ100፣ ዲስክ ፖስት ማውንት። ያገለገለ ከሆነ የቱቦዎቹን ፎቶ ከአራት አቅጣጫ ይጠይቅ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ይለፈው። ደረቅ ከመረጥክ ቁመቱ ከ465 እስከ 475።

የኩሽኔታውን የታች ቀለበት ከአሮጌው ላይ ታወጣለህ። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በግራና በቀኝ እያፈራረቅክ በቀስታ መታ መታ፤ በአንድ በኩል ብቻ ከመታህ ይጣመማል። አዲሱ ላይ ስትከተው ቱቦው ላይ የሚገባ የብረት ወይም የፕላስቲክ ቧንቧ አልብሰህ ከላይ ምታ፣ ጠርዙ ቀለበቱን ዙሪያውን እኩል ይንካ። "ጭው" ይል የነበረው የመዶሻ ድምፅ ወደ "ድም" ሲለወጥ ተቀምጧል። ኮከብ ዳዶውን ደግሞ ከቱቦው አፍ 15 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ፣ ቀጥ አድርገህ አስገባ።

ጣና_ፔዳል
ደረቁን እወስዳለሁ፣ 470። ለጊዜው አሮጌውን በግራሶ እገጥመዋለሁ። የሲሊኮን ግራሶ ባህር ዳር ካጣሁ ምን ልጠቀም?

ሞላና_ግራሶ
የመኪና ዲስክ ፍሬን ካሊፐር ፒን የሚቀባበት የሲሊኮን ግራሶ በትናንሽ ከረጢት ይሸጣል፤ የመኪና መለዋወጫ ቤት ጠይቅ። ለጎማ ክፍሎች ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ጎሚኒህን አይነካም። ጥቁሩን የሞሊብዲነም ግራሶ ከሰጡህ መልስላቸው።